ፍርሃትና ብዕር



ከመካከላችን መጽሐፍ ለመጻፍ የሚመኝ ብዙ ነው፤ የሚጀምር ግን ጥቂት፣ የሚፈጽም ደግሞ ከጥቂትም ጥቂት ነው። ምክንያቱን ስንጠየቅ ጊዜ የለንም፣ ወረቀት ውድ ነው፣ የሚያሳትምልን የት ይገኛል እንላለን። እኔ ግን ዋናው እንቅፋት ፍርሃት ነው ባይ ነኝ።

ይህን የምለው ከራሴ ተነሥቼ ነው። ስለ አያቴ የእንሰት ጓሮ አንድ ታሪክ ጀምሬ ስድስት ገጽ ያህል ጽፌ ነበር። ለመስቀል ከአዲስ አበባ የመጣ ዘመዴ ደብተሩን አንሥቶ አነበበና «አማርኛህ የአገና አማርኛ ነው» ብሎ ሳቀብኝ። እኔም ደብተሩን ከአልጋዬ ሥር ሸሸግሁት። የዘመዴ ሳቅ አንድ ደቂቃ አልፈጀም፤ እኔ ግን በዚያ ሳቅ ምክንያት ብዙ ወራት አባከንሁ።

እኔ በአነጋገሬ ሳፍር፣ የጉራጌ ተወላጅ የሆኑት ደራሲ ሣህለ ሥላሴ ብርሃነ ማርያም ከስልሳ ዓመት በፊት የጽሑፍ ልማድ ባልነበረው በቸሃ ቋንቋ «የሺነጋ መንደር» የተባለውን መጽሐፍ ጽፈው ነበር። ፕሮፌሰር ዎልፍ ሌስላው ወደ እንግሊዝኛ መለሱትና እ.ኤ.አ. በ1964 በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ቤት ታተመ። ደራሲው በአማርኛ «ወጣት ይፍረደው»ን፣ በእንግሊዝኛም «አፈርሳታ»ን ጽፈዋል። በቀዬያቸው ቋንቋ ቢያፍሩ ኖሮ የመጀመሪያው መጽሐፍ ባልተጻፈም ነበር።

ወረቀት ቸገረኝ ለሚል ደግሞ ነቢይ መኮንንን ልጥቀስለት። በደርግ ዘመን ታስረው ሳሉ የማርጋሬት ሚሼልን ልብ ወለድ «ነገም ሌላ ቀን ነው» ብለው ወደ አማርኛ የመለሱት በሲጋራ ፓኮ የውስጥ ወረቀት ላይ ነው። ወረቀቱ 3,000 ያህል ብጫቂ ሲሆን፣ ከእስር ቤት የወጣውም ተደብቆ ነው። የእኛ ደብተር ግን ግማሹ ባዶ እንደ ሆነ ዓመቱ ያልቃል።

«ፍርሃትም እኮ ምክንያት አለው» የሚለኝ አይጠፋም። እውነት ነው። በዓሉ ግርማ «ኦሮማይ»ን በ1975 ዓ.ም. አሳትመው፣ በ1976 ዓ.ም. ከቤታቸው እንደ ወጡ ቀርተዋል። እንዲህ ያለውን ፍርሃት ማንም ሊንቀው አይገባም። ነገር ግን የእኛ ፍርሃት ይህ አይደለም። እኛ የምንፈራው የዘመድና የጓደኛ ሳቅ፣ የመምህርም ቀይ እስክሪብቶ ነው። ሳቁ ያልፋል፤ ቀዩም መስመር ያስተምራል።

ስለዚህ አሳቤን ላቅርብ። የመጀመሪያው ረቂቅ ከጸሐፊው በቀር ማንም ሳያየው ይፈጸም፤ እርማቱ በኋላ ይደርሳል። በቀን አንድ ገጽ ብቻ የጻፈ ሰው በዓመቱ ከ300 ገጽ በላይ ይኖረዋል፤ «ቀስ በቀስ ዕንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ይባል የለምን? ጓደኞቼ ሆይ፣ ስሕተታችንን ንገሩን፤ በአነጋገራችን ግን አትሣቁብን። ወላጆቻችንም፣ ልጃችሁ ሲጽፍ ብታገኙት «ትምህርትህን ትተህ» ብላችሁ ከመቆጣታችሁ በፊት አንድ ገጽ እንዲያነብላችሁ ጠይቁት።

እኔም ደብተሬን ከአልጋዬ ሥር አውጥቼዋለሁ። ትናንት ማታ ሰባተኛውን ገጽ ጨርሻለሁ።