የ1977ቱ ልጆችና የትንሣኤው ማዕድ

የአምሳ አምስቱ ቀን ጾም ተፈትቶ በወልድያ፣ በመርሳና በሀብሩ ገጠሮች ጠላው በሚቀዳበት፣ ዶሮው በሚሠራበት በዚህ ሰሞን ስለ ሕመም ማንሳት ደስታን ማደብዘዝ ይመስል ይሆናል። ይሁን እንጂ ማዕዱን ከበው ከሚቀመጡት መካከል ዕድሜያቸው በአርባ ዓመት ገደማ የሚገኝ አባወራዎችና እማወራዎች አሉ። እነዚህም በ1977 ዓ.ም. ረኀብ ወሎን ባራቆተበት ወቅት በእናታቸው ማኅፀን የነበሩ ናቸው።

ከወልድያ በስተሰሜን በሚገኘው በራያ ቆቦ በቅርብ ዓመታት የተካሄደ ጥናት እንዳመለከተው፣ በጽንስነታቸው ያ ረኀብ ያገኛቸው ሰዎች ከረኀቡ በኋላ ከተወለዱት ይልቅ የደም ግፊት፣ የደም ስኳርና የወገብ ውፍረት ተደራርበው ይታዩባቸዋል። በሆላንድም እ.ኤ.አ. በ1944 እና በ1945 የረኀብ ክረምት በማኅፀን የነበሩትን የተከታተሉ ሐኪሞች ከዚህ የሚቀራረብ ነገር አይተዋል። እንደ ሊቃውንቱ ማብራሪያ፣ በችጋር የሚያድግ ጽንስ ያገኘችውን ጥቂት ምግብ ለአንጎሉ ሲያደላ ቆሽቱና ኩላሊቱ ይቀጭጫሉ። ኋላ ዘይቱ፣ ዳቦውና ስኳሩ ሲበዛ ትርፉ በሆድ ዙሪያ ይከማቻል፤ የቀጨጨው ቆሽትም ስኳሩን መቆጣጠር ያቅተዋል። እንግዲህ «ስኳር የሀብታም በሽታ ነው» የሚለው አነጋገር በወሎ ምድር አያስኬድም፤ ከሲታውም ይታመማል።

ጨውስ? እ.ኤ.አ. በ2015 በመላ ሀገሪቱ በተደረገው ጥናት ከዐዋቂዎች ከመቶ 16 ያህሉ የደም ግፊት ተገኝቶባቸዋል። አንድ ሰው በቀን በአማካይ 8.3 ግራም ጨው ሲመገብ፣ የዓለም የጤና ድርጅት የሚመክረው ግን ከ5 ግራም በታች ነው። ይህ ጨው በአብዛኛው ከበርበሬያችን፣ ከሽሮአችንና ከወጣችን የሚገባ ስለሆነ የሚቀነሰውም እዚያው ጓዳ ውስጥ ነው። የጾም ወጥም ቢሆን በዘይት ከተጥለቀለቀ ጾምነቱ ብቻ ቀላል አያደርገውም። ይህን ስንል ጾሙን መንቀፋችን አይደለም፤ ምስሩ፣ ጎመኑና የማሽላው እንጀራ የሚመሰገኑ ናቸው።

የአንድ ቀን ድግስ ያን ያህል አያሳስብም። ነገር ግን እስከ በዓለ ሃምሳ ረቡዕና ዓርብ እንኳ ስለማይጾሙ፣ ቅቤውና ሥጋው በየቤቱ አቅም ለሃምሳ ቀናት ይዘልቃል። ጦርነቱ ወልድያ በገባበት በ2013 ማብቂያና በ2014 መግቢያ የጤና ተቋማት ተዘርፈው መድኃኒት የተቋረጠባቸው ሕሙማን ደግሞ ጉዳቱን በራሳቸው ያውቁታል።

ኪኒን ወይም ኢንሱሊን የሚወስድ ምእመን የሰኔው ጾም ከመግባቱ አስቀድሞ የንስሐ አባቱንም ሐኪሙንም ቢያማክር ይበጃል፤ ቤተ ክርስቲያን ሕሙማንን አታስጨንቅም፤ መድኃኒቱን ወስዶ ሳይመገብ የሚውል ሰው ግን የደሙ ስኳር ወርዶ ሊወድቅ ይችላል። ደም ግፊት ብዙ ጊዜ ምልክት ስለሌለው የ1977ቱ ልጆች ሳይታመሙም በአቅራቢያቸው ባለው ጤና ጣቢያ መለካት ይኖርባቸዋል።