ሽቦው ከፎቶው ለምን ይውጣ?

ሰሞኑን ከድሬዳዋ የተመለሱ ጓደኞቻችን ያነሷቸውን ፎቶዎች በዶርማችን ግድግዳ ላይ ደረደሩልን። በድሬዳዋና በደወሌ መካከል፣ በዚያ ሐሩር ምድረ በዳ፣ ኮንቴይነር የጫነ ባቡር እንደ ዘንዶ ተዘርግቶ ይታያል። ያምራል፤ አንዋሽም። ግን አንደኛው ምን አለ? «ወይኔ! ይኼ ሽቦና ምሰሶ ባይኖር፣ ትንሽም ጭስ ቢኖረው!»

እኛ የካምባ ልጆች ጠባችን ከዚህ ቃል ጋር ነው።

ጭስ የናፈቀው ወዳጃችን ዘመኑን ስቷል። በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ የደረሰው የፈረንሳዮች ሐዲድ ሌላ፤ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው ሌላ። ይኼኛው በኤሌክትሪክ ይሄዳል። ሽቦው ባቡሩ የሚጠባው ጡት ነው። ለመሆኑ ወተቱ ከየት ይመጣል? አብዛኛው የአገራችን መብራት ከወንዞቻችን ነው። ኦሞ ላይ የተገደበው ግልገል ጊቤ 3ም የተመረቀው በዚያው በ2009 ዓ.ም. ነበር፤ ኃይሉ ከሌላው ጋር ተቀላቅሎ ወደ አገሪቱ መስመር ይገባል። እንግዲህ የደቡብ ውኃም በምድረ በዳው ጭነት ይጎትታል ማለት ነው። ሽቦውን ከፎቶው ያወጣ ሰው ሳያውቀው እኛንም አብሮ አወጣን።

«ጥበብ ናት፤ ፖለቲካ አታድርጓት» ይሉናል። እሺ ይሁን። ግን ግመሉን እየነዳ ሐዲዱ ዳር የቆመው አርብቶ አደርስ የት ሄደ? «ፎቶ ያበላሻል» ተብሎ እስኪያልፍ ተጠበቀ! ባቡር ከብቱን ሲገጭበት የሚያለቅሰው እሱ፤ ከሥዕሉ የሚባረረውም እሱ። ሰው ተባርሮለት የሚያምር ነገር ምን ዓይነት ውበት ነው?

ካምባ ባቡር የለም። በ2003 ዓ.ም. በተጀመረው የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ ከሞጆ ተነሥቶ በሻሸመኔና በአርባ ምንጭ ወደ ወይጦ የሚወርድ ሐዲድ ታስቦ ነበር፤ ወረቀት ላይ ቀረ። የእኛ የጭነት ባቡር እናቶቻችን ናቸው፤ እንጨቱን በጀርባቸው አዝለው ዳገት ይወጣሉ። እኛም ያጠናነው በኩራዝ ነው። ጭስ ለሚወድ፣ ጭሱ እዚያ ነበር!

ፎቶ አታንሱ አላልንም። አንሱ! ግን ሽቦውንም፣ እረኛውንም፣ ጫኝና አውራጁንም አታባርሩብን። በሚቀጥለው ዕረፍት ካሜራችሁን ይዛችሁ ካምባ ኑ። ዳገቱን አብረን እንወጣዋለን፤ ቆጮው ከእኛ።