ፊታውራሪ መሸሻ ልጃቸውን ለምን አልዳሩም?

የ«ፍቅር እስከ መቃብር» መልስ አጭር ነው። ልጃቸውን ሰብለ ወንጌልን ለመጠየቅ የሚመጣው ሁሉ በዘሩም በማዕረጉም አልመጠናቸውም። አዲስ አበባ፣ ሩዋንዳ በሚባለው ሰፈር፣ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ ባለ አንድ ቡና ቤት በረንዳ ላይ የማገኛቸው ወጣት አንባቢያን ግን በዚህ መልስ አይረኩም። ባለፈው ቅዳሜ አንዷ «ዘር ሰበብ ነው» አለች፤ «ሰውየው ልጃቸው ከቤት እንድትወጣ አልፈለጉም። እሷ ከሄደች ያ ትልቅ ግቢ ምን ይቀራቸዋል?» ከጎኗ የነበረው ወጣት ተቆጣ። «አባትነታቸውን አታሳምሪላቸው! ሰውየው የፈሩት ሰው ምን ይለኛል የሚለውን ነው።» ሦስተኛው ስልኩን አስቀምጦ መጽሐፉን ያገላብጥ ጀመር። ክርክሩ ሲያልቅ አላየሁም፤ ቀድሜያቸው ተነሣሁ።

«ፍቅር እስከ መቃብር» የታተመው በ1958 ነው። እነዚህ ልጆች ሲወለዱ ደራሲው ሐዲስ ዓለማየሁ በዕድሜያቸው ማብቂያ ላይ ነበሩ፤ ወይም አልፈዋል። እንዲያም ሆኖ ስለ ፊታውራሪ መሸሻ ሲነጋገሩ፣ ልጁን አልድርም ብሎ ስላስቸገረ የሰፈር ሰው የሚያወሩ ይመስላሉ። በልብ ወለድ ላይ ይህን ያህል መከራከር ሥራ መፍታት የሚመስላቸው አሉ። እኔ ከንባብ ሁሉ የማከብረው ይህን ነው።

እኛ ዘንድ አንድ ልብ ወለድ ሲወጣ ቀድሞ የሚነሣው ጥያቄ «ይሄ ገጸ ባሕርይ ማን ነው?» የሚል ነው። በዓሉ ግርማ «ደራሲው» የተባለውን ልብ ወለድ ሲያወጣ፣ ዋናው ገጸ ባሕርይ ሲራክ ጸሐፊው ስብሐት ገብረ እግዚአብሔር ነው ተብሎ ተወራ፤ እስከ ዛሬም ብዙ ሰው መጽሐፉን የሚያነሣው በዚህ ነው። ሲራክ ለምን እንዲያ እንደሆነ፣ ከጽሑፉና ከኑሮው መካከል ምን እንደሚያስጨንቀው የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። ስሙ ከታወቀ ነገሩ ያለቀ ይመስለናል።

ይህ ጥያቄ ሥልጣን ባለው ሰው እጅ ሲገባ ምን እንደሚሆን በ1975 አይተናል። የበዓሉ «ኦሮማይ» ደርግ በኤርትራ ያካሄደውን የቀይ ኮከብ ዘመቻ መነሻ ያደረገ ልብ ወለድ ነው። መጽሐፉ ገበያ ላይ ሲውል፣ ይህኛው ባለሥልጣን እገሌ ነው፣ ያኛው እገሌ ነው እየተባለ ተነበበ። መጽሐፉ ተሰበሰበ። ደራሲው ከማስታወቂያ ሚኒስቴር ሥራው ተባረረ። በየካቲት 1976 ከቤቱ እንደወጣ አልተመለሰም። የልብ ወለዱ ጋዜጠኛ የጸጋዬ ኃይለማርያም ልብ ምን እንደሚል፣ ሰው በሚያምንበትና በሚያየው መካከል እንዴት እንደሚሰነጠቅ ለማወቅ መጽሐፉን የከፈተ ሰው ደራሲውን የሚጠላበት ምክንያት አልነበረውም። የራሱን ስም ሲፈልግ የከፈተው ግን ሌላ ነገር አልታየውም።

ስለዚህ ወጣቶቹ «ለምን?» ሲሉ ስሰማ ደስታዬ ትልቅ ነው። ከዚያው ከ«ፍቅር እስከ መቃብር» ጉዱ ካሳን እንውሰድ። ስለ እርሱ የሚነሣው የተለመደ ክርክር እብድ ነው ወይስ አይደለም የሚል ነው። እኔን የሚያስጨንቀኝ ሌላ ነው፤ የባላባቱን ሥርዓት እንዲህ አጥርቶ ያየ ሰው ለምን እዚያው፣ የፊታውራሪ አገር ዲማ ተቀመጠ? የተማረ ነው፤ አገር ሰፊ ነው፤ ማንም አላሰረውም። የኔ ንባብ ይህ ነው፦ ካሳ የፊታውራሪ መሸሻ ዘመድ ነው፤ የሚያወግዘው ቤት የራሱ ቤት ነው። የራስን ቤት ማውገዝ ከባድ ነው፤ ትቶት መሄድ ደግሞ ይብሳል። «ጉዱ» መባሉም መጠለያ ሆኖለታል። ሌላ ሰው ቢናገረው የሚያስቀጣውን እርሱ ሲናገረው ሰሚው ስቆ ያልፋል። ነገር ግን ከእብድ አፍ የወጣ እውነት ማንም አይሠራበትም፤ ይህን ዋጋ እንደሚከፍል ካሳ ያውቃል ብዬ አምናለሁ። ከዲማ የወጣው ሰብለ ወንጌል ስትወጣ ነው። የዚያ ሁሉ ዓመት ሐሳቡ ሊያስነቅለው ያልቻለውን ሰው፣ አንዲት ልጅ ብቻዋን መንገድ መግባቷ አስነቀለው። እርሱ፣ ሰብለና ወዳጇ በዛብህ ሦስቱም በአንድ መቃብር መተኛታቸውን ሳነብ ከፍቅረኞቹ ይልቅ የማዝነው ለእርሱ ነው።

ይህን ንባብ ሐዲስ አልጻፉትም። የሚከለክለው ነገርም አልጻፉም። ትቼ ያለፍኩትን ሙላው ያሉ ያህል ነው።

መሙላቱንም ከእኛ በፊት የጀመረው ተዋናዩ ወጋየሁ ንጋቱ ነው። መጽሐፉን በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተርከው ገጹን ድምፅ አውጥቶ ከማንበብ የበለጠ ሥራ ሠርቷል። የት እንደሚቆም፣ የማንን ድምፅ እንደሚያከብድ፣ የማን ቁጣ የት ላይ እንደሚሰበር የወሰነው እርሱ ነው። ከእያንዳንዱ ውሳኔ ጀርባ «ይህ ሰው ይህን ያለው ለምንድን ነው?» ለሚል ጥያቄ መልስ ነበረው። በኔ ጆሮ የፊታውራሪ መሸሻ ትዕቢት በወጋየሁ አንደበት ከሚያስፈራው ይልቅ የሚያሳዝነው ይበልጥ ነበር። መጽሐፉን አንድም ቀን ያልገለጡ፣ ግን ፊታውራሪን እንደ አጎታቸው የሚያውቁ ስንት ሰዎች አሉ! የሚያውቁት የሐዲስንና የወጋየሁን ፊታውራሪ በአንድ ላይ ነው፤ ማን የትኛውን እንዳዋጣ መለየት አይቻልም።

በቴሌቪዥን ዘመን ደግሞ የ«ሰው ለሰው» ተከታታይ ድራማን አስናቀ እናስታውስ። አበበ ባልቻ ያን ክፉ ሰው ሲጫወተው ከተማው ሁሉ እየጠላው ይጠብቀው ነበር፤ ሰዉ በየቤቱ አስናቀ እንዲህ የሆነው ምን ደርሶበት ነው እያለ የልጅነት ታሪክ ሲፈጥርለት ሰምቻለሁ።

ይህ «ለምን?» እያሉ ምክንያት የማብዛት ልማድ ከውጭ የመጣ ፋሽን አይደለም። የቤተ ክርስቲያን መምህራን አንዱን ጥቅስ ሲተረጉሙ አንድ ፍቺ ሰጥተው አያቆሙም። «አንድም» ብለው ሁለተኛውን ያመጣሉ፤ «አንድም» ብለው ሦስተኛውን። ኋላ የመጣው ፊተኛውን አይሽረውም፤ ጎን ለጎን ይቆማሉ፤ ተማሪውም ሁሉንም ይዞ ይወጣል። በዛብህ ራሱ ከዚህ ጉባኤ የወጣ ልጅ ነው። ለቅዱስ ቃል ይህን ያህል ፍቺ ስንፈቅድ ኖረን፣ ለልብ ወለድ ሰው አንድ ምክንያት ብቻ መስጠት ለኔ ንፉግነት ነው።

ልቅነትን ግን አልደግፍም። ፍቺ ምስክር ያስፈልገዋል፤ ምስክሩም መጽሐፉ ነው። ከወጣቶቹ አንዱ በዛብህ ፈሪ ነው፣ ሰብለን ትቶ ወደ አዲስ አበባ የሸሸው ነፍሱን ሊያድን ብቻ ነው ይላል። ይህ ገና ሕፃን ሳለ የተደረገውን መዘንጋት ነው። ወላጆቹ ቦጋለ መብራቱና ውድነሽ በጣሙ ልጃቸው እንዲያድግላቸው ለእግዚአብሔር ተሳሉት፤ ሚስት ሳያገባ ቤተ ክርስቲያን ሊያገለግል። እንግዲህ በዛብህ ሰብለን ሲወድ የሚጋፋው የፊታውራሪን ደጅ ብቻ አይደለም፤ እርሱ ሳይጠየቅ በእናት አባቱ አፍ የተገባውን ቃልም ነው። የሚሸሸው ከሰው ዱላ ነው ወይስ ከስለቱ? እኔ ከሁለቱም ነው እላለሁ፤ ሁለተኛውን ያላየ አንባቢ ግን ልጁን ፈሪ ሲል ይበድለዋል። እናቱስ? ውድነሽን ጨካኝ የሚሏት አሉ። ልጇ እንዳይሞትባት የምትለምን እናት በእጇ ያለውን ሁሉ ትሰጣለች፤ ውድነሽ በእጇ የነበረው ያው ልጁ ብቻ ነበር።

በሌላው ዓለም ይህ ክርክር ከአፍ አልፎ መጽሐፍ ሆኗል። «ጄን ኤር» በተባለው የእንግሊዝ ልብ ወለድ (እ.ኤ.አ. 1847) ሰገነት ላይ የተቆለፈባት አንዲት እብድ ሚስት አለች፤ ከካሪቢያን የመጣች፣ ስለ ራሷ አንድ ቃል የማትናገር። ዶሚኒካ ተወልዳ ያደገችው ጂን ሪስ የዚያችን ሴት ዝምታ አልቻለችውም። ማን አሳበዳት ብላ ጠየቀችና እ.ኤ.አ. በ1966 «ዋይድ ሳርጋሶ ሲ» የተባለውን ልብ ወለድ አወጣች። ዛሬ ሁለቱን መጻሕፍት ጎን ለጎን የሚያስተምሩ መምህራን ብዙ ናቸው። የኛ «ፍቅር እስከ መቃብር»ም የወጣው በዚያው ሰሞን ነበር። እነርሱ ወደ እብዷ ተመልሰው ሄዱ፤ እኛ ጉዱ ካሳን ለፖለቲካ ንግግር ማጣፈጫ አድርገን ተውነው።

በአማርኛ እንዲህ ያለ መጽሐፍ ሳጣ ይቆጨኛል። ቡና ቤት በረንዳ ላይ በየሳምንቱ የሚፈጠረው ሐሳብ አንድ መደርደሪያ ይሞላ ነበር። ከሚያስፈሩት ነገሮች አንዱ ሕጉ ነው፤ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ደራሲው ካለፈ በኋላም ለ50 ዓመት መብቱን ለወራሾች ያቆያል። ሐዲስ ያረፉት በዚያው በ1996 ነው። ታሪኩን ይዞ አዲስ መጽሐፍ ማሳተም የሚፈልግ ሰው ፈቃድ ይጠይቅ፤ ተገቢ ነው። ስለ ገጸ ባሕርያቱ መመርመርና ሂስ መጻፍ ግን የማንንም ደጅ አያስጠናም። የሚያስቀረን የበለጠው ምክንያት፣ እንዲህ ያለ ትልቅ ሥራ መንካት ድፍረት ስለሚመስለን ነው። አንድ መጽሐፍ የሚዋረደው መነጋገሪያነቱ ሲያበቃ ነው፤ ሐዲስንም የሚያከብራቸው ያ የሩዋንዳ ክርክር ነው።

እኔ ብጽፍ በሰብለ እናት በወይዘሮ ጥሩአይነት እጀምር ነበር። ስለ ባላቸው ኩራት፣ ስለ ልጃቸው ፍቅር ሁላችንም ስንከራከር፣ እርሳቸውን ማንም ለምን ብሎ አይጠይቃቸውም። ልጃቸው ዕድሜዋ እያለፈ ሲሄድ በየቀኑ ያዩ ነበር። ከባላቸው ጋር ተስማምተው ነው ዝም ያሉት፣ ፈርተው ነው፣ ወይስ እርሳቸውም ከፊታውራሪ ባልተናነሰ በዘራቸው ያምኑ ነበር? የመጀመሪያውን ምዕራፍ የምጽፈው ስለ ራሳቸው ሠርግ ነው። ጥሩአይነትን ለመሸሻ የሰጧቸው አባት ስንት ሰው መልሰው እንደሰጧቸው፣ ሙሽራዪቱም ያኔ ተጠይቃ እንደሆነ ማወቅ እፈልጋለሁ።