ፊርማው ትክክል ነው፤ ፈራሚው ግን ማን ነው?

አንድ ቼክ ባንክ ሲቀርብ ሠራተኛው ፊርማውን በፋይል ከተቀመጠው ናሙና ጋር ያስተያያል። ናሙና ከሌለ ፊርማው የቱንም ያህል ቢያምር ገንዘብ አይወጣም። በዲጂታል ገንዘብ ገበያ ግን ናሙናው ራሱ ከፊርማው ውስጥ ተፈልቅቆ የሚወጣበት አሠራር አለ። ገንዘባቸውን እዚያ ያዋሉ ሰዎች ይህን ቢያውቁ ይጠቀማሉ እንጂ አይጎዱም።

እ.ኤ.አ. በ2015 ሥራ በጀመረው የኤቴሪየም መረብ የዝውውር ሰነድ ላይ የላኪው አድራሻ አይጻፍም። ሶፍትዌሩ ከፊርማው ወደ ኋላ አስልቶ የፈራሚውን ይፋዊ ቁልፍ፣ ከቁልፉም አድራሻውን ያገኛል። ለመልእክት የሚሰጠው ፊርማ በተለመደው አቀራረብ 65 ባይት ነው፤ 32 ባይት የሆኑ ሁለት ቁጥሮችና አንዲት ትርፍ ባይት። ኤሊፕቲክ ከርቭ ላይና ታቹ አንድ ዓይነት ስለሆነ ለአንድ ፊርማ ሁለት ቁልፎች ይስማማሉ። የትኛው እንደሆነ የምትለየው ያቺ ትርፍ ባይት ናት። በዚህ ዘዴ 64 ባይት የሚይዘው ቁልፍ መላኩ ይቀራል፤ ቁጠባው መልካም ነው።

ችግሩ ቁልፍ ማውጣትና ፊርማ ማረጋገጥ እንደ አንድ ሥራ መቆጠራቸው ነው። ማንም ሰው ቁጥሮችን በዘፈቀደ ቢያቀርብ ከሁለት አንድ ጊዜ ያህል ከስሌቱ አንድ ቁልፍ ይወጣል። ቁልፉ የማንም አይደለም፤ ከ«ፊርማው» ጋር ግን ይስማማል! ስሌቱ ሳይሳካ ሲቀር ደግሞ በሶሊዲቲ የተጻፈ ኮንትራት የሚያገኘው ስሕተት የሚል መልስ ሳይሆን ዜሮ አድራሻ ነው። የባለቤትነቱ ቦታ ሳይሞላ በቀረ ኮንትራት ላይ ዜሮ ከዜሮ ጋር ይመሳሰልና በሩ ይከፈታል።

መንታ ፊርማም አለ። ምስጢራዊውን ቁልፍ የማያውቅ ሰው የሌላውን ፊርማ ወስዶ፣ ሁለተኛውን ቁጥር ከከርቩ መጠን ቀንሶና ባይቷን ገልብጦ ሌላ ትክክለኛ ፊርማ ይሠራል። ኤቴሪየም እ.ኤ.አ. በ2016 ይህን ለዝውውሮች ከለከለ፤ በኮንትራቶች ውስጥ ያለውን ስሌት ግን እንደነበረ ተወው። «ይህ ፊርማ ተከፍሎበታል» ብሎ ፊርማውን ብቻ የሚመዘግብ ኮንትራት ለመንታው ድጋሚ ይከፍላል። በሰፊው የሚሠራበት የኦፕንዜፐሊን ቤተ መጻሕፍት እንኳ 64 እና 65 ባይት የሆኑ አጻጻፎችን አብሮ በመቀበሉ እ.ኤ.አ. ነሐሴ 2022 እርማት አውጥቷል።

አንዳንድ ደላሎች «መፈረም ብቻውን ገንዘብ አያንቀሳቅስም» ሲሉ ይሰማል። ፐርሚት የሚባለውን አሠራር በሚቀበሉ ቶከኖች ላይ ይህ አባባል ፈጽሞ ስሕተት ነው፤ ፊርማውን የያዘ ሰው በተፈቀደለት መጠን ቶከኑን ከባለቤቱ ሒሳብ ሊያወጣ ይችላል። ስለዚህ ገንዘብ ከመግባቱ በፊት ሻጩ ሦስት ጥያቄ ይጠየቅ፦ የወጣው አድራሻ ከማን ጋር ይነጻጸራል? ዜሮ ውድቅ ይደረጋል? አንድ ፈቃድ ሁለት ጊዜ እንዳይሠራ ተራ ቁጥር አለው? «ኦዲት ተደርጓል» የሚለው ለሦስቱም መልስ አይሆንም።