ደመወዝና የመንገድ ርቀት

ልጁን አስተምሮ ለዲግሪ ያበቃ ወላጅ ሁሉ ከምረቃው ማግሥት የሚያነሣው ጥያቄ፤ ልጄ ወዴት ቢቀጠር ይሻለዋል የሚል ነው። ዛሬ በዚህ በቤተ ሰብ ገጻችን የምንናገረው ሎጅስቲክስ የሚባለውን ትምህርት ስለ ተማሩት ወጣቶች ሲሆን፤ ምሳሌ የምናደርጋትም በመንዝ በኩል የጊሼ ከተማ የሆነችውን ራቤልን ነው።

ሎጅስቲክስ ማለት አባቶቻችን ስንቅና ጓዝ ሲሉት የነበረው ሥራ ነው። ይኸውም ምን ያህል ዕቃ፥ በየትኛው ቀን፥ በምን መጓጓዣ፥ ወደ የትኛው መጋዘን ይሂድ ብሎ አስቀድሞ መመርመርና ማስላት ነው። ስንቁ ያልተሰላለት ሠራዊት ጠላት ሳይገጥመው እንደሚፈታ ለአንባብያን ማስረዳት አያሻንም።

በጥንት ዘመን ርቀት ራሱ ዋጋ ነበረው። ከ1512 እስከ 1518 ዓ.ም. በአገራችን የተቀመጠው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ እንደ መሰከረው፤ አሞሌ ጨው ከሚወጣበት ስፍራ በአንድ ድራም ወርቅ 120 ወይም 130 ይገዛ ነበር። ከገበያ ወደ ገበያ ሲሻገር ቍጥሩ እያነሰ ሄዶ፤ ከንጉሠ ነገሥቱ ሰፈር በደረሰ ጊዜ በዚያው ድራም የሚገኘው 6 ወይም 7 ብቻ ሆነ። ጨዉ ያው ጨው ነው፤ የጨመረው የነጋዴው ድካም፥ የበቅሎው ቀለብና የየበሩ ቀረጥ ነው። እንግዲህ አሞሌውን ወደ ደጋ ያወጣ ሰው እንደ መንገዱ ርዝመት ዋጋውን ያገኝ ነበር።

ዛሬ ግን ነገሩ ተገልብጧል። ከውጭ ከሚገባልን ዕቃ ከመቶው 90 እጅ የሚበልጠው በጅቡቲ ወደብ የሚያልፍ ስለ ሆነ፤ ዳጐስ ያለ ደመወዝ የሚከፍሉት ቀጣሪዎችም ይህንኑ መሥመር ተከትለው ሰፍረዋል። የሞጆ ደረቅ ወደብ፥ ድሬዳዋ፥ ከሁሉም በላይ አዲስ አበባ የሥራው መናኸሪያዎች ናቸው። የኤሌክትሪክ ባቡሩም በ2009 ዓ.ም. ሲመረቅ ይህን መንገድ ይበልጥ አጸናው። በዚያ ያሉት የንግድና የዕርዳታ ድርጅቶች በየራሳቸው ስኬል ይከፍላሉ። ከወደቡ እየራቅን ደብረ ብርሃንን አልፈን፥ ጣርማ በርን ወጥተን ወደ መንዝ በታጠፍን ቍጥር ግን፤ የሚቀጥረው የመንግሥት ቢሮ ብቻ እየሆነ ይሄዳል።

የመንግሥቱ ደመወዝ ደግሞ እንደ ሥራው ደረጃ እንጂ እንደ መንገዱ ርቀት የተቈረጠ አይደለም። ከመስከረም 2018 ዓ.ም. ጀምሮ የጸናው ስኬል የመጀመሪያ ዲግሪ ለያዘ ጀማሪ ቀድሞ 6,940 ብር የነበረውን 11,500 አድርጎታል። ከዚህ 2,100 ብር የሥራ ግብርና ከመቶ 7 የጡረታ መዋጮ ሲነሣ በእጅ የሚገባው 8,595 ብር ነው። ይህ ጀማሪ በአዲስ አበባ ቢሆን የቤት ኪራዩ እኩሌታውን ቢወስድበት፤ ለመብሉ፥ ለታክሲው፥ ለእናቱም ለሚልከው ከ4,300 ብር አይበልጥም። በራቤል ከወላጆቹ ቤት ያደረ እንደ ሆነ ኪራይ የለበትም፤ ገብሱም ከጎተራ ይወጣል። ነገር ግን ደጋ ርካሽ ነው የሚሉ ሰዎች ገብሱን ቈጥረው ዘይቱንና ሳሙናውን ይረሱታል፤ እነዚህ ያንን ዳገት በጭነት መኪና የወጡ ናቸውና፤ ኪራያቸውን ገዢው ይከፍላል።

ድካሙንስ ማን ይመዝነው? ክትባት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ በሆነ ቅዝቃዜ ተጠብቆ ካልደረሰ ኃይሉን ያጣል። በሞጆ አንድ ስሌት ቢሳሳት ኮንቴይነሩ ቀን ያድርና ቅጣት ይከፈላል፤ በጊሼ ቢሳሳት ግን ከሩቅ ቀበሌ ልጇን አዝላ የመጣች እናት ባዶ እጅዋን ትመለሳለች። ይህንንም የሚያሰላው ሰው ክረምት የሚያበላሸውን መንገድ፥ ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህም በክልሉ የደረሰውን የጸጥታ መታወክ ጭምር ማሰብ አለበት። እኛ እንደሚመስለን፤ በቆላ ለሚሠራ የበረሃ አበል እንደሚታሰብ ሁሉ፤ ለመንገድ መራቅም ቢታሰብ ለሠራተኛው ችሮታ ሳይሆን ፍርድ ነው።

ነገር ግን ወላጆች ልጃቸውን ለመምከር ሲቀመጡ የመጀመሪያውን ዓመት ደመወዝ ብቻ ይዘው እንዳይፈርዱ እንለምናቸዋለን። በስኬሉ ግርጌና ጫፍ መካከል ያለው ርቀት ሰፊ ነው፤ ጀማሪው 11,500 ሲሆን ጫፉ 39,000 ብር ደርሷል፤ ይህም ከሦስት እጥፍ ይበልጣል። ይህን መሰላል የሚያስወጣው ልምድ ነው፤ የሥራ ማስታወቂያዎችም 2 ዓመት፥ 4 ዓመት፥ 6 ዓመት እያሉ የሚጠይቁት እርሱኑ ነው። በታላቅ ከተማ ቢሮ ጀማሪው ዓመቱን ሙሉ አንድ ዓይነት ቅጽ ሲሞላ ሊከርም ይችላል። በትንሽ ወረዳ ግን ያው አንዱ ሰው መጋዘኑን ይቈጥራል፥ መኪናውን ያሰማራል፥ መኪና በማይገባበትም አህያና በቅሎ ይከራያል። እንዲህ ሦስት ዓመት የሠራ ልጅ ከብዙዎቹ የከተማ እኩዮቹ ይልቅ ሥራውን ያውቃል ብለን እናምናለን።

ታዲያ ይህ ዕውቀት በወረቀት ካልሰፈረ ከጣርማ በር ወዲያ አይሻገርም። ልጁ ሲሰናበት በሚሰጠው የሥራ ልምድ ደብዳቤ ላይ ንብረት ጠባቂ ነበረ ተብሎ ብቻ የተጻፈለት እንደ ሆነ፤ የሞጆው ቀጣሪ አግባብ ያለው ልምድ አይደለም ብሎ ሊመልሰው ይችላል። ስለዚህ ደብዳቤው የሥራውን መጠሪያ ብቻ ሳይሆን፤ ምን ዓይነት ዕቃ፥ ለስንት ጤና ጣቢያና ትምህርት ቤት፥ በምን መጓጓዣ ያደርስ እንደ ነበር፤ ደመወዙንና የተከፈለውን የሥራ ግብር ጭምር የሚናገር ይሁን። የየወረዳው ሹማምንትም ይህን ለመጻፍ ቀለም አይቈጥቡበት።