ስለ ግስላ ወሬና ስለ ወረዳ መዝገብ

ከቦሌ ወዲያ ባለው አገር፣ ከየካ ኮረብታ እስከ ቡልቡላ ሸለቆ ድረስ፣ አንድ እረኛ ወይም አንድ የሌሊት ዘበኛ ወደ ወረዳው ጽሕፈት ቤት መጥቶ «ጥቁር ትልቅ አውሬ አየሁ፤ ጅብ አይደለም፤ ውሻም አይደለም፤ አካሄዱ የድመት ነው» ባለ ጊዜ ብዙውን ጊዜ ከሁለት ነገር አንዱ ይደርስበታል። ወይ ይሣቅበታል፤ ወይም ጠመንጃ ያለው ሁሉ ተጠርቶ ዱሩ ይታሰሳል። ሁለቱም ስሕተት መሆናቸውን ለክቡራን አስተዳዳሪዎች፣ ለወረዳ ሹማምንትና ለከብት ባለቤቶች ማስረዳት ይገባል ብለን ይህን ጽፈናል።

የተባለው አውሬ ከተረት የመጣ አይደለም። አባቶቻችን ስም ያወጡለት ስላዩት ነው፤ ስሙም ግስላ ይባላል። እንግሊዛዊው ሄንሪ ሶልት በ1814 ዓ. ም. በፈረንጆች አቆጣጠር ስለ አገራችን ባሳተመው መጽሐፍ፣ ጥቁሩ ነብር እጅግ የማይገኝ መሆኑንና ቆዳውን የሚለብሱት አገር የሚገዙ ሹማምንት ብቻ መሆናቸውን መዝግቧል። እንግዲህ የቀድሞ ሹማምንት በትከሻቸው ላይ ያኖሩትን፣ የዛሬ ሹም በወንበሩ ላይ ተቀምጦ «የለም» ሊል አይገባውም።

ግስላ ከነብር የተለየ ዘርም አይደለም፤ ነብር ራሱ ነው። ጥቁረቱ በትውልድ የሚወረስ ሲሆን፣ የሚገለጠውም ግልገሉ ምልክቱን ከአባትም ከእናትም የወረሰ እንደ ሆነ ብቻ ነው። ስለዚህ ዝንጉርጉር ከሆኑ ከሁለት ወላጆች አንድ ጥቁር ግልገል ሊወለድ ይችላል፤ ወንድሞቹም እንደ ወላጆቻቸው ዝንጉርጉር ይሆናሉ። ነቢዩ ኤርምያስ ስለ ነብር ዝንጉርጉርነት የተናገረውን የምናውቅ ሁሉ በዚህ አንደናገጥ፤ ግስላ በፀሐይ ብርሃን ከቅርብ ሲታይ ነጠብጣቡ ከጥቁሩ ጠጕር ሥር ይለያልና።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ። በፈረንጆች 2018 ዓ. ም. ከናይሮቢ በስተ ሰሜን ባለው በላይኪፒያ አውራጃ ጥቁር ነብር ታየ የሚል ወሬ ተደጋገመ። የዱር እንስሳት ሊቃውንት ወሬውን አልናቁትም፤ እንስሳ ሲያልፍ በራሱ ፎቶግራፍ የሚያነሣ ካሜራ በየመንገዱ ተከሉ። አንዲት ወጣት እንስት ግስላም ተገኘች፤ እናቷ ሳትሆን አትቀርም የተባለች ዝንጉርጉር ነብርም ከእርስዋ ጋር ታየች። ነገሩ በ2019 ዓ. ም. በታተመ ጊዜ፣ በአፍሪካ ከዚያ በፊት የተረጋገጠ ማስረጃ ሲፈለግ የተገኘው የ1909 ዓ. ም. ነው፤ ስፍራውም አዲስ አበባ ነው! ያም ማስረጃ የሚገኘው በአሜሪካ፣ በዋሽንግተን በተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ነው እንጂ በእኛ መዝገብ ቤት አይደለም። አንድ መቶ አሥር ዓመት ሙሉ በሐረና ጫካና በሌላውም ዱር ግስላ አየን የሚሉ ሰዎች አልጠፉም፤ የጠፋው የሚጽፍ ነው። በጽሕፈት ሥራ ያረጀ ሰው ይህን ሲሰማ ማፈሩ አይቀርም።

እርግጥ ነው፣ ጥቁር ሆኖ የታየ ሁሉ ግስላ አይደለም። በጨለማ ጅብም ጥቁር ነው። በደጋችን አነር የሚባለው አውሬም አልፎ አልፎ ጥቁር ሆኖ ይወለዳል፤ የማያውቅ ሰው ግስላ ቢለው አይፈረድበትም። ነገር ግን አነር ጆሮው ትልቅና የቆመ፣ እግሩ ረጅም፣ ጅራቱ አጭር ነው፤ ክብደቱም ከ18 ኪሎ እምብዛም አያልፍም። የደረሰ ነብር ግን ብዙውን ጊዜ ከ30 ኪሎ በላይ ነው፤ ጅራቱም ረጅም ነው። ስለዚህ ለባለ ወሬው መጀመሪያ የሚቀርበው ጥያቄ ስለ ቀለሙ ሳይሆን ስለ ጅራቱ ይሁን። ዱካውም ይመርመር፤ ጅብና ውሻ ሲረግጡ ጥፍራቸው በመሬት ላይ ይታተማል፤ ነብር ግን ጥፍሩን ወደ ውስጥ ሰብስቦ ስለሚሄድ አይታይም። በግ ተበልቶ እንደ ሆነ አንገቱ ይታይ። ነብር ጉሮሮ አንቆ ይገድላል፤ ሬሳውንም ወደ ቁጥቋጦ ይጎትታል ወይም ዛፍ ላይ ያወጣል። ጅብ አጥንቱን ሳይቀር ሰባብሮ ይበላል።

የቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ በ1950ዎቹ ዓ. ም. ሲሠራ ዙሪያው እርሻና ግጦሽ ነበር። ዛሬ ከተማው አያትንና ሰሚትን አልፎ ቦሌ አራብሳ ደርሷል፤ ሆኖም ወንዞቹና ገደሎቹ ከእንጦጦና ከየካ ተራራ ወደ ታች እንደ መንገድ ሆነው ቀርተዋል፤ ጅብ ሌሊት በዚያ ይመላለሳል። በሸለቆው ዳር ያለ ገበሬ ሦስት በግ ጠፍቶበት አቤት ሲል «ቅዠት ነው» ተብሎ ከተመለሰ፣ ምን ያደርጋል? በሬሳው ላይ መርዝ ይነሰንሳል። መርዙም በዳዩን አይመርጥም፤ የጎረቤቱን ውሻ፣ ጥንብ አንሣውን፣ ምናልባትም ያንኑ ግስላ ይገድላል። ዝንጀሮና ከርከሮ ከሚበሉት አራዊት አንዱ ነብር መሆኑን ደግሞ እህል የሚዘራ ሰው ሊያስበው ይገባል። በ1999 ዓ. ም. የወጣው የዱር እንስሳት ዐዋጅ ቁጥር 541 ያለ ፈቃድ ማደንን የከለከለ መሆኑንም ጠመንጃ የሚያሰልፉ ሹማምንት ያስታውሱ።

ለገበሬው የሚሰጠው መልስ እንዲህ ቢሆን እንወዳለን፤ ጉረኖው ጣራ ይኑረው፤ ነብር አጥር ይዘላልና እሾኽ ብቻውን አይበቃም። ለጽሕፈት ቤቱ ደግሞ ሥራው ብዙ አይደለም። ያየው ሰው ቃል፣ ቀኑ፣ ሰዓቱና የስፍራው ስም ይጻፍ፤ የዱካው ስፋት በሴንቲ ሜትር ይለካ፤ በእጅ ስልክ ፎቶግራፍ ይነሣ፤ ከዱካው አጠገብም ለመጠን እንዲሆን አንድ ብር ሳንቲም ይቀመጥ። አንዱ ቅጅ በወረዳው መዝገብ ይቅር፤ ሁለተኛው ለኢትዮጵያ ዱር እንስሳት ልማትና ጥበቃ ባለሥልጣን ይላክ። ይህም ሁሉ ዝናብ ዱካውን ሳያጠፋው በዚያው ቀን ይፈጸም።