የሚቋረጥ ሕክምና ከአልጋ በላይ ያስወጣል

የአእምሮ ሆስፒታል ወጪ በአብዛኛው የሚሰላው በአልጋ ቀን፣ ማለትም ታካሚው ተኝቶ በታከመበት በእያንዳንዱ ቀን ልክ ሲሆን፣ ስሌቱ ግን ሰውየው ከወጣ በኋላ መድኃኒቱ ተቋርጦ ሕመሙ ሲያገረሽበት የሚደርሰውን ኪሣራ አያሳይም። መላዝን በመሳሰሉ የሪያድ ሠፈሮች ለሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ኪሣራው የሚብሰው፣ በአንድ አገር የተጀመረ ሕክምና በሌላው ሊቀጥል ሲገባ መሐል ላይ ስለሚበጠስ ነው።

ሪያድ ቀድሞ አል አማል ይባል የነበረውን የኢራዳና የአእምሮ ጤና ማዕከልን የመሰለ ትልቅ ተቋም አላት። ይሁንና ኢቃማውን፣ ማለትም የመኖሪያ ፈቃዱን፣ አሠሪው ያላደሰለት ሠራተኛ የሕክምና መድን ስለማይኖረውና እያዛለሁ ብሎ ስለሚሰጋ፣ እንቅልፍ ማጣትና ሰውን መጠርጠር ሲጀምረው የሚያስታምሙት አብረውት የሚኖሩ ጓደኞቹ ናቸው። በተመላላሽ ሕክምና፣ ሳይተኛ በቀጠሮ እየታየ፣ ሊረዳ ይችል የነበረው ሰው ሐኪም ዘንድ የሚደርሰው ሕመሙ ጠንቶ ብዙ የአልጋ ቀን በሚጠይቅበት ሰዓት ነው።

እ.ኤ.አ. በ2013 መጨረሻ በተጀመረው ፈቃድ የሌላቸውን የውጭ ሠራተኞች የማስወጣት ዘመቻ ከሳዑዲ ዓረቢያ የተመለሱት ኢትዮጵያውያን በወራት ውስጥ ከ160 ሺህ በልጠዋል፤ ከዚያ ወዲህም መመለሱ አልቆመም። የታመመ ተመላሽ የሕክምና ማስረጃ ሳይዝ ቦሌ ሲደርስ፣ እንደ አጋር ኢትዮጵያ ያሉ የበጎ አድራጎት ማኅበራት ቢያስጠጉትም እንኳ፣ የትኛው መድኃኒት እንደረዳውና የትኛው እንደጎዳው የሚነግር ወረቀት ስለሌለ ሕክምናው ከመነሻው ይጀመራል። ለአሥርት ዓመታት የአገሪቱ ብቸኛ የአእምሮ ሆስፒታል ወደነበረው አማኑኤል ከወሎ የሚመላለስ ቤተሰብ ለመሳፈሪያና ለማደሪያ የሚከፍለው፣ ሥራ ፈትቶም የሚያጣው ገንዘብ ደግሞ በየትኛውም የሆስፒታል መዝገብ አይገባም።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው ሪፖርት፣ መንግሥታት ለአእምሮ ጤና ከሚያወጡት ከየሦስቱ ዶላር ሁለቱ ለአእምሮ ሆስፒታሎች ብቻ እንደሚውል አመልክቷል። በቡታጅራ አካባቢ ተካሂዶ በዚያው ዓመት የታተመ ጥናት ግን፣ የሠለጠኑ የጤና ጣቢያ ባለሙያዎች ለጽኑ የአእምሮ ሕሙማን የሚሰጡት ክትትል የአእምሮ ሕክምና ነርሶች በሆስፒታል ከሚሰጡት እንደማያንስ አሳይቷል። ይህ ጋዜጣ አልጋ ይቀነስ አይልም፤ ሕይወቱን ሊያጠፋ የተቃረበን ሰው አልጋ ያድነዋልና። ነገር ግን ከመውጫው ማግስት ክትትል የሌለው አልጋ ገንዘቡንም ታካሚውንም ያባክናል።

ስለዚህ በሪያድ የኢትዮጵያ ኤምባሲና የጤና ሚኒስቴር፣ ማንኛውም የአእምሮ ሕመምተኛ ከመሳፈሩ በፊት የምርመራ ውጤቱን፣ የመድኃኒቱን ስምና መጠን የያዘ ማስረጃ፣ ቢያንስ የአንድ ወር መድኃኒትና በትውልድ ወረዳው ጤና ጣቢያ የተያዘ ቀጠሮ እንዲኖረው የሚያስገድድ አሠራር ሳይውሉ ሳያድሩ ሊጀምሩ ይገባል።